‹‹ምን ሆኖ ነው የተወው?››

አንድ ሰው መጠጥ ጀመረ ሲባል ‹‹ለምን?›› ብሎ የሚጠይቅ የለም። ተወ ሲባል ግን አገር ይጠይቃል። ምን ሆኖ ነው? ስኳር ይዞት ነው? ጉበቱን ነው? ጴንጤ ሆነ እንዴ? ሚስቱ ናት አይደል? ወይ ኪሱ ሳስቷል! ብቻ ሰበብ ይፈለግለታል። የሚጠጣው ሰው አንድም ማብራሪያ ሳይሰጥ ሃያ ዓመት ይጠጣል፤ የተወው ሰው ግን በየደረሰበት መልስ እየሰጠ ይኖራል። ይህ ነገር መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። አሁን ያናድደኛል። የዛሬውን ጽሑፍ የምጽፈው ተናድጄ ስለሆነ አንባቢ ድምፄ ከፍ ቢልበት ይቅር ይበለኝ።

ነገሩ ሐረር ነው። ፈላና በርን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ ካሉት አምስት ጥንታዊ በሮች በሰሜን በኩል ያለው ነው። ሐረሪዎቹ አሱም በሪ ይሉታል። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከዚህ በር ጥቂት እልፍ ብሎ ይኖራል፤ ዛሬ እሱም መምህር ነው። ስሙን አልጠራም። ሐረር ጠባብ ከተማ ስለሆነ ሳልጠራውም የሚያውቀው አይጠፋ ይሆናል፤ እሱ ግን ‹‹አቦ መምህር፣ ይጻፉት! ከዚህ በላይ ምን ይመጣል?›› ብሎ ፈቅዶልኛል። መጠጥ ከተወ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አብልጦ የፈተነው ምን እንደሆነ ብጠይቀው ‹‹ጥማቱ›› ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ‹‹ወዳጅ›› አለኝ።

ወዳጅ የሚፈትነው እንዴት መሰላችሁ? ‹‹አንድ ብቻ!›› ይለዋል። ‹‹ለእኔ ስትል!›› ይለዋል። ‹‹በሞቴ!›› ይለዋል። ይቺ በሞቴ የምትባል ቃል እንጀራ ላይ ስትውል ደስ ትላለች። ብርጭቆ ላይ ስትውል ግን የማን ሞት እንደሆነ ልብ የሚል የለም።

የሐረር መጠጥ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። አዲስ አበባ ተቀምጦ ‹‹ሰውዬው መጠጡን ለምን አይተወውም?›› የሚል ሰው መጀመሪያ ይህን መረዳት አለበት። ምሥራቅ ሐረርጌ የጫት አገር ነው፤ አወዳይም ከሐረር ብዙ ሩቅ አይደለም። ከቀትር በኋላ በርጫ ይጣላል፣ ጀመዓው ይሰበሰባል፣ ወሬው ይደምቃል፣ ምርቃናው ይመጣል። ማታ ሲሆን ታዲያ ምርቃናው በፈቃዱ አይሄድም፤ ልብ ይደልቃል፣ እንቅልፍ እንቢ ይላል። ስለዚህ ይሰበራል። በምን? በቢራ ወይም በአረቄ። ይህ ነው ጨብሲ የሚባለው። ጠዋት ደግሞ ሰውነት እንደ እርጥብ ጆንያ ሲከብድ ኢጀባና ይቃማል። ኢጀባና በኦሮምኛ ዓይን መክፈቻ ማለት ነው። ጫቱ ቢራውን ይጠራል፣ ቢራው ጫቱን ይጠራል። በዚህ መሃል ያለ ሰው ‹‹መጠጥ ተውኩ›› ሲል የተወው ብርጭቆ ብቻ አይደለም፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ያለውን ኑሮውን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት የቆየውን ጀመዓ፣ የሚስቅበትን፣ የሚበደርበትን፣ ሥራ የሚሰማበትን ቦታ ሁሉ ነው የተወው። እኛ ታዲያ ይህን ሁሉ የተወውን ሰው ምን እንለዋለን? ‹‹ቆራጥ ሁን!›› እንለዋለን። ምክራችን ይኸው ነው፤ አለቀ።

‹‹ቆራጥ ሁን›› የሚለው ምክር ሁለት ቦታ ይሰብራል። የመጀመሪያው ቦታ ሕክምናው ነው። ለብዙ ዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ቁርጥ ሲያደርግ ሊሞት ይችላል። ሊያመው ይችላል አላልኩም፤ ሊሞት ይችላል ነው ያልኩት። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል፤ አንጎል ደግሞ እንዳይደነዝዝ እየታገለ ራሱን ሲያነቃ ይኖራል፤ መጠጡ ድንገት ሲነሣበት ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ እንደተበጠሰ መኪና ይሆናል። በሰዓታት ውስጥ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያሰምጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱን ቅዠት ይይዘዋል፤ የሌለ ሰው ያያል፣ ግድግዳ ላይ የሚሄድ ነገር ያሳድዳል፣ ትኩሳቱ ይነዳል። ይኼኛው ነው የሚገድለው። መድኃኒቱ ግን ብርቅ አይደለም፤ ሐኪም እየተከታተለ የሚሰጠው ዳያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1 የድሃ አገር ሆስፒታልም የማያጣው ነገር ነው።

ተማሪዬ በሁለተኛው ሌሊት እንዲህ ሲሆን ጎረቤት ተሰበሰበ። ግማሹ ‹‹ዛር ነው›› አለ፣ ግማሹ ‹‹ለክፎት ነው፣ ጠበል ውሰዱት›› አለ፣ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ደግሞ ‹‹ግማሽ መለኪያ ስጡት›› አለ። ጉዱን ያወቀችው ነርስ የሆነች የሠፈር ሴት ናት፤ ሆስፒታል አደረሰችው። ሐረር ሕይወት ፋናም ጁገል ሆስፒታልም ያሉባት ከተማ ናት፤ በእግር የሚደረስበት ሐኪም እያለ ሰው ዛር ሲያስወጣ ሊሞት ነበር። ጠበልን እያጣጣልኩ አይደለም። እንዲያውም በመጠጥ ላይ በንስሐ አባቱ ፊት ተገዝቶ ዕድሜ ልኩን የጠበቀ ሰው አውቃለሁ፤ ለግዝት ትልቅ አክብሮት አለኝ። ነገር ግን በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት እያቋረጡ ጠበል የሚገቡ ሰዎች ሲበዙ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በአደባባይ ‹‹ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ›› የሚል ትምህርት ሰጥተዋል። ለመጠጥስ ይህን የሚል አባት የሚነሣው መቼ ነው? መስጊድ ውስጥስ? የሐረር ሙስሊም ጠጪ ሁለት እጥፍ ብቸኛ ነው፤ መጠጡ ሐራም ስለሆነ ተደብቆ ይጠጣል፣ እርዳታ ልጠይቅ ቢል ደግሞ መጀመሪያ መጠጣቱን ማመን አለበት። ነውሩ በእናቱ ቤት፣ በእህቶቹ ትዳር ላይ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ዝም ብሎ ይሞታል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በጉራጌ ዞን ሶዶ ወረዳ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ከወንዶቹ ሩብ ያህሉ ችግር የሚያስከትል የመጠጥ ልማድ ተገኝቶባቸዋል። ከባድ ደረጃ ላይ ከደረሱት መካከል ደግሞ ከመቶ 87ቱ እርዳታ ጠይቀው አያውቁም። ለምን ሲባሉ ከሰጡት ምክንያት ውስጥ ‹‹ራሴ እወጣዋለሁ››፣ ‹‹በራሱ ጊዜ ይተወኛል››፣ ‹‹የት እንደሚኬድ አላውቅም›› የሚሉት ይገኙበታል። ሶዶ ገጠር ነው፤ ጠላና አረቄው እንጂ ጨብሲው የለም። መልሱን ግን ፈላና በር ላይ ብትጠይቁም ቃል በቃል ያው ነው። ‹‹የት እንደሚኬድ አላውቅም›› የሚለው ግን ቆራጥነት የጎደለው ሰው መልስ ይመስላችኋል? አድራሻ የጎደለው ሰው መልስ ነው። (የሴቶቹን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ ስለማልፈልግ ለብቻው እመለስበታለሁ። ለአሁኑ ግን ወንድ ሲጠጣ ‹‹ሰካራም››፣ ሴት ስትጠጣ ምን እንደምትባል ሁላችሁም ታውቃላችሁ።)

‹‹ቆራጥ ሁን›› የሚሰብርበት ሁለተኛው ቦታ ከሆስፒታል ከተወጣ በኋላ ነው። ሰውነት ከመጠጥ የሚጸዳው በቀናት ውስጥ ነው። የሚከብደው ስድስተኛው ሳምንት ነው፤ የሚከብደው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። እዚህ ላይ አንድ የምንዘነጋው ነገር አለ። ይህ ሕዝብ መጠጥ መተው አያውቅም የሚል ሰው ዋሽቷል። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ አንዲት ጠብታ የማይቀምስ ስንት ጠጪ እናውቃለን! ዓመቱን ሙሉ የማይሆንለት ሙስሊም ጠጪም በረመዳን 30 ቀን ይሆንለታል። ያው ሰውዬ፣ ያው ጉበት፣ ያው ግሮሰሪ። ለምን ቻለ? ‹‹ፈሪሃ እግዚአብሔር›› ትሉኛላችሁ። ይሁን፤ አንዱ እሱ ነው። ሌላውን ግን እኔ ልንገራችሁ። በሁዳዴ ‹‹ምን ሆነህ ነው የማትጠጣው?›› የሚለው የለም። ጓደኛውም ይጾማል። ‹‹በሞቴ›› የሚለው አፍ ራሱ ተዘግቷል። ጾም የአንድ ሰው ጉልበት ሳይሆን የአገር ሁሉ ጉልበት ነው፤ ደካማውም በሰው ብዛት ተደግፎ ያልፋል። ፋሲካ ሲሆን ድጋፉ በአንድ ሌሊት ይነሣና ሰውዬው ብቻውን ይቀራል። ከዚያ ‹‹ጾሙን እንኳ ጨርሶ መልሶ ወደቀ፣ ወይ አለመቁረጥ!›› እንላለን። ማን ነው መደገፊያውን የነጠቀው?

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት አንድ ነገር ይገርመኝ ነበር። ጠጪ በእኛ ድርሰት ውስጥ መዓት ነው። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ‹‹ሌቱም አይነጋልኝ›› የውቤ በረሃን ሌሊት ከነጠረኑ አሳይቶናል፤ ከእሱ ወዲህ የመጣው ጸሐፊም ጠጪውን አንድም ፈላስፋ፣ አንድም ቀልደኛ፣ አንድም እውነት ተናጋሪ አድርጎ ሲያቀርብልን ኖሯል። መጠጥ የተወ ሰው ግን የት አለ? እኔ ካነበብኩት ውስጥ አንድ ትዝ የሚለኝ ዋና ገጸ ባሕርይ የለም። ቢገኝም ሰባኪ ነው ወይም አሰልቺ። ማታ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ እጁን የት እንደሚያስቀምጥ ግራ የሚገባው፣ ልደት ላይ ለስላሳ ይዞ ጥግ የሚቆም፣ ጨዋታ ሲሟሟቅ ‹‹ልሂድ›› የሚል ሰው ለድርሰት አልበቃም። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ከሁሉም በላይ ልብ የሚያንጠለጥለው ታሪክ የእሱ ነው።

ሐረር ራሷ እኮ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አስተናግዳለች። አርተር ራምቦን ማለቴ ነው። በ16 ዓመቱ ‹‹የሰከረው መርከብ››ን የጻፈ፣ ፓሪስ ውስጥ በአብሳንት አረቄ ሲንከራተት የከረመ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ሐረር ገባ፤ ግጥሙን ትቶ ቡናና ቆዳ ነጋዴ ሆነ። ለቤተሰቡ ከኤደን በጻፋቸው ደብዳቤዎች ውስጥ የሚጠጣው ውሃ ብቻ እንደሆነ፣ ውሃውም በገንዘብ እንደሚገዛ ይነግራቸዋል። ቱሪስት ወደ ‹‹ራምቦ ቤት›› ስንወስድ ስለ ግጥሙና ስለ መሣሪያ ንግዱ እናወራለን፤ ስለ ውሃው የሚያነሣ አልሰማሁም። እንዴት ተወው ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሱ ቀላል ነው፦ አገር ቀየረ፣ ሥራ ቀየረ፣ ጓደኛ ቀየረ፣ አብሳንት የሚሸጥበትን መንገድ በሙሉ ባሕር ተሻግሮ ሄደ። የፈላና በሩ መምህር ግን ባሕር አይሻገርም። የወር ደመወዝ፣ ሁለት ልጆችና የታመመች እናት አሉት። እዚያው በነበረበት መንገድ፣ በዚያው ግሮሰሪ ደጃፍ እያለፈ ነው መተው ያለበት።

አሁን ወደ ያናደደኝ ጉዳይ ልግባ። ይህ ተማሪዬ ብቻውን እንደማይዘልቀው ገባው። ያቺ ሆስፒታል ያደረሰችው ነርስ ሌላ አንድ ሰው ታውቅ ነበር፤ ጨርቅ ነጋዴ ነው፣ ሙስሊም፣ መጠጥ ለመተው ለሦስተኛ ጊዜ የሚሞክር። ነጋዴው ደግሞ አንድ የባጃጅ ሾፌር ያውቃል። ሾፌሩ አንድ ጡረተኛ ጎትቶ መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ሆኑ። በየሐሙሱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይገናኛሉ፤ ሰዓቱን የመረጡት የጨብሲ ሰዓት ስለሆነ ነው። ቁጢ ይፈላል፤ ለማያውቀው፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላ የሐረር ሻይ ነው። ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ እየተራ ይናገራሉ። የወደቀ አይሰደብም፣ ያልወደቀም አይጨበጨብለትም። በሌላው ቀን አንዱ ሲጨንቀው ለሌላው ይደውላል፤ የተደወለለት ባጃጅ ተከራይቶም ቢሆን ይመጣል። ይኸው ነው። እኔ ሁለት ጊዜ እንግዳ ሆኜ ተቀምጫለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካየሁት ሴሚናር ሁሉ ይህን ያህል ሰው ሰውን የሚያዳምጥበት አላየሁም።

የነርሷ በረንዳ ለስድስት ሰው ጠበበ፤ ዝናብም መጣ። አንድ ዕድር ቤት አለ፤ ድንኳን፣ ሳህንና አግዳሚ ወንበር ከሚቀመጥበት በቀር ሳምንቱን ሙሉ ተዘግቶ ይውላል። እኔም የዚህ ዕድር አባል ስለሆንኩ አብሬአቸው ለመጠየቅ ሄድኩ። የዕድሩ ዳኛ ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ በትሕትና ሰሙን። ከዚያ ‹‹ልጆቼ፣ ዕድር እኮ ለቀብር ነው›› አሉ።

‹‹አባባ፣ እኛ እንዳንቀበር ነው የምንሰበሰበው›› አላቸው ሾፌሩ።

‹‹እሱማ መልካም። ግን የሰካራም ስብሰባ ዕድር ቤት ተደረገ ሲባል አባላት ምን ይላሉ?››

‹‹የማይሰክሩ ሰዎች ስብሰባ ነው እኮ አባባ።››

‹‹አውቃለሁ ልጄ። ስሙ ነው እንጂ። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን አንቀርባችሁም፤ ድንኳኑንም እንተክላለን፣ ሦስት ቀን እንቀመጣለን።››

ሽማግሌውን አልወቅስም፤ የተናገሩት የሁላችንን ልብ ነው። ይህ ሰው በመጠጥ ቢሞት ድንኳን አለው፣ ወጥ አለው፣ ለቀስተኛ አለው፣ ለቤተሰቡ የሚሰጥ ብር አለው። በሕይወት ልቆይ ሲል አንድ አግዳሚ ወንበር የለውም። ለሬሳው የተቆጠበው ገንዘብ ለሳንባው አይከፈትም። እንዲያው ሒሳብ ብቻ ብናሰላ እንኳ ለዕድሩ ካዝና የሚበጀው የትኛው ነው? ጥያቄው በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ‹‹ልዩ ልዩ›› በሚለው አጀንዳ ሥር እንዲገባ ማመልከቻ አስገብተናል። ጸሐፊው ተቀብለው ማኅተም መትተውበታል።

‹‹ይህ የፈረንጅ ነገር ነው›› የሚል ሰውም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ፣ አክሮን በምትባል ከተማ፣ ቢል ዊልሰን የሚባል የአክሲዮን ነጋዴና ቦብ ስሚዝ የሚባል ቀዶ ሐኪም፣ ሁለቱም ጠጪዎች፣ ተገናኝተው ተነጋገሩ። አንዱ ሌላውን በማስታመም ራሱም እንደማይጠጣ ገባቸው። ዛሬ በዓለም ላይ ‹‹አልኮሊክስ አኖኒመስ›› የሚባለው ማኅበር የተጀመረው በዚህ ነው፤ ክፍያ የለውም፣ አለቃ የለውም፣ ስም አይጠየቅም። ፈረንጅነቱ የቱ ላይ ነው? ሰዎች በተራ ቤት እየተገናኙ፣ ቃል እየተገባቡ፣ የታመመ እየጠየቁ የሚኖሩበት ነገር በእኛ አገር ማኅበር ይባላል። ልዩነቱ ጽዋ የሌለው ማኅበር መሆኑ ብቻ ነው። ሐረሪዎቹም አፎቻ አላቸው፤ ሠርግንና ቀብርን በጋራ የሚሸከሙበት፣ ወንዱም ሴቱም የየራሱ ያለው ጥንታዊ መረዳጃ ነው። ማኅበርና አፎቻን ያህል ነገር የፈጠረ ሕዝብ ስድስት ሰው ቁጢ ሲጠጣ አይቶ ‹‹ከፈረንጅ መጣ›› ሲል መስማት ያሳዝናል።

በዚያ ላይ ነገሩ ይሠራል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሥራ 10,565 ሰዎች የተካተቱባቸውን 27 ጥናቶች መርምሮ፣ ሰውን ከመጠጥ አርቆ በማቆየት ረገድ ይህ ዓይነቱ ማኅበርና ወደ ማኅበሩ የሚመራው ምክር ከሌሎቹ የምክር ሕክምናዎች እንደሚበልጥ እንጂ እንደማያንስ ደምድሟል። በሕንድ፣ ጎዋ ውስጥ ደግሞ ሐኪም ያልሆኑ ግን የሠለጠኑ የሠፈር ሰዎች ከጠጪዎች ጋር ቢበዛ አራት ጊዜ ተቀምጠው እንዲነጋገሩ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ውጤት ከሦስት ወር በኋላ ሲጠየቁ፣ ባለፉት 14 ቀናት ምንም ያልጠጡት ከመቶ 42 ነበሩ፤ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ግን ከመቶ 18። ሱሱ እጅግ የጠናባቸው ሰዎች በዚያ ጥናት አልነበሩም፤ ለእነሱ ሐኪም ያስፈልጋል ያልኩትም ለዚህ ነው።

ከፈረንጁ ልማድ አንዱ ግን ለሐረር አይሆንም ባይ ነኝ፤ ስም መደበቁ። ጁገል 48 ሄክታር ላይ ያረፈች ከተማ ናት። ማን ከማን ቤት በስንት ሰዓት እንደወጣ የማይታወቅባት ከተማ አይደለችም። ሰውዬው ሲጠጣ አገር ያየውን ያህል ሲተውም አገር ቢያየው ምን ክፋት አለው? ግዝት ኃይል የሚያገኘውም በሰው ፊት ስለሚደረግ ነው። ነጋዴው ግን አይስማማኝም፤ ‹‹መምህር፣ እርስዎ የሚያጡት ነገር ስለሌለ ነው›› ይለኛል። ምናልባት እሱ ልክ ነው። ለእሱ በረንዳው ይሻላል።

መንግሥትስ? መንግሥት አንድ ጥሩ ሥራ ሠርቷል፤ አመሰግናለሁ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከመውጣቱ በፊት ቴሌቪዥን የከፈተ ሰው የሚያየው ቢራ ነበር። ጀግንነቱ፣ ፍቅሩ፣ አገር መውደዱ፣ ታሪኩ ሁሉ በጠርሙስ ተሞልቶ ይቀርብ ነበር፤ ቀደም ሲል የነበረው ሕግ የሚከለክለው ጠንካራውን መጠጥ ስለነበር ቢራ እንደ ልቡ ፈነጨ። አዲሱ አዋጅ የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ሰሌዳ አነሣ፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከለከለ። መልካም። ግን አዋጁ የሻጩን አፍ ዘጋ እንጂ ለገዢው መውጫ በር አልከፈተም። የሐረር ቢራ ፋብሪካ በ1976 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው፤ የእግር ኳስ ቡድን ነበረው፣ ሶፊ የሚባል አልኮል የሌለው የብቅል መጠጥም በማምረት ይታወቃል። በ2003 ዓ.ም. ከበደሌ ጋር ለሄይኒከን በድምሩ 163 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ መንግሥት ኤክሳይስ ታክስ ይሰበስባል። ከዚያ ታክስ ላይ ከመቶ አንዷ እንኳ በየሆስፒታሉ ለአንድ የሱስ ሕክምና ክፍልና ለአንድ የሠለጠነ ነርስ ብትመደብ ፋብሪካውም አይዘጋ፣ ካዝናውም አይጎድል። ይህን የሚጠይቅ የምክር ቤት አባል አንድ ሰው ካለ ስሙን ንገሩኝ፤ በዚህ ገጽ ላይ በትልቁ እጽፈዋለሁ።

አዋጅ የማይጠይቅ ነገርም አለ። ድሮ ደግ ባለ ድግስ ጠጁን ሲጥል ከጎኑ ብርዝ ይበጠብጥ ነበር። ለልጆች፣ ለሙስሊም እንግዳ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለቆራቢ። ብርዝ የያዘውን ሰው ‹‹ምን ሆነህ ነው?›› የሚለው አልነበረም፤ ከውጭ ሲታይ ብርሌው ያው ብርሌ፣ ቀለሙም ያው ቀለም ነው። ቅሪቦም ነበር። ዛሬ ሠርግ ስንደግስ የቢራው ሳጥን እስከ ጣሪያ ይደረደራል፤ የማይጠጣው እንግዳ ለብ ያለ ለስላሳ ከልጆች ጠረጴዛ ላይ እየለመነ ያነሣል። ፋሲካ ሲያልፍ የሠርግ ወራት ይገባል። የፈላና በሩ መምህር ለሦስት ሠርግ ተጠርቷል፤ አንዱ የገዛ ታናሽ ወንድሙ ስለሆነ ሚዜ ነው፣ አይቀርም። ሾፌሩና ጡረተኛው ሳይጠሩ አብረውት ሊሄዱ ተስማምተዋል፤ አንዱ በቀኙ አንዱ በግራው ይቀመጣሉ። ብርዙን የምታበጥረው ነርሷ ናት።